ባሕር ተሻግሮ ሕክምና መፈለግ

በአገራችን አንድ ሰው ታሞ ሕመሙ የጠናበት እንደ ሆነ፣ ጠያቂው ሁሉ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ከሚናገረው ቃል አንዱ «ምነው ወደ ውጭ አገር ብትወስዱት?» የሚል ነው። ቃሉ የሚነገረው ከፍቅር የተነሣ መሆኑ አይጠረጠርም። ሆኖም ተናጋሪው ቃሉን ጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቤተ ሰቡ ግን ያንኑ ቃል ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላ ያድራል። ቤቱ ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ከዘመድ አዝማድ ስንት ይሰበሰባል? ደግሞስ «ውጭ አገር» የተባለው የት ነው? ማንን አውቀን፣ በማን ቋንቋ ተናግረን ነው የምንታከመው?

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መምህር ነኝ። ነገር ግን በምኖርበት በባሕር ዳር ከተማ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ስለምችል ብቻ፣ ከባሕር ማዶ ሆስፒታሎች የመጣላቸውን ደብዳቤ ይዘው ወደ ቤቴ የሚመጡ ጎረቤቶች አሉ። አንዱን አንብቤ ስሰጥ ሌላው እየተከተለ፣ ከዚህ ነገር ጋር ሳላስበው ተዋወቅሁ። ስለዚህ ያየሁትንና የተማርሁትን ለአንባቢዎች ባካፍል ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ከባሕር ማዶ ሕክምና መፈለግ ለጣና ዳር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ታላቁ ዐፄ ኢያሱ በቆዳ ሕመም ተይዘው በነበሩበት ጊዜ፣ ሐኪም ፈልጎ ያመጣ ዘንድ ሐጂ ዓሊ የተባለውን ነጋዴ ወደ ካይሮ ላኩት። እርሱም ሻርል ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ሐኪም አግኝቶ፣ በስናር በኩል አድርገው በሐምሌ ወር 1691 ዓ. ም. ጎንደር ገቡ። ከካይሮ አብሯቸው የተነሣው አንድ ካህን በመንገድ ታሞ ጎንደር ሳይደርስ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ በፖንሴ ሕክምና ተሻላቸውና ሐኪሙ በሚከተለው ዓመት ወደ መጣበት ተመለሰ። እንግዲህ ያን ጊዜ ሕመምተኛው በዙፋኑ ተቀምጦ በረሓውን የሚያቋርጠው ሐኪሙ ነበረ፤ ዛሬ ግን ሐኪሙ በወንበሩ ተቀምጦ ባሕሩን የሚሻገረው ሕመምተኛው ነው። ዐፄ ኢያሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1699 ዓ. ም.፣ በዚሁ በጣና ደሴት ላይ በሰው እጅ ተገደሉ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር የፖንሴ መድኃኒት አልነበረውም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ዛሬ ሕመምተኞቻችን በብዛት ከሚሄዱባቸው አገሮች አንዷ ሕንድ ናት። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም የሕክምና ትምህርታቸውን የተማሩት በዚያን ጊዜዋ ሕንድ፣ ዛሬ በፓኪስታን ግዛት ባለችው በላሆር ከተማ ነበረ። በጎንደር ተወልደው፣ በ1860 ዓ. ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ አንድ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወስዷቸው በዚያ አደጉ። የጎንደር ልጅ በሕንድ ተምሮ ሐኪም ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት፣ የጎንደርና የጎጃም ልጅ ዛሬም ሐኪም ፍለጋ ወደ ሕንድ ይሄዳል።

ቀድሞ ወደ ውጭ ሄዶ መታከም የመሳፍንትና መንግሥት ያሰበለት ሰው ዕድል ነበረ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በ1965 ዓ. ም. አካላቸው በድንገት በታመመ ጊዜ ወደ አውሮፓ ተወስደዋል። ከሁሉ ይልቅ ሕዝባችን የሚያስታውሰው ግን የሻምበል አበበ ቢቂላን ነገር ነው። በሮምና በቶኪዮ የሮጠው ያ እግር፣ በመጋቢት ወር 1961 ዓ. ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ምክንያት መንቀሳቀስ ተሳነው። ወዲያውም ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደ። ይህ ሆስፒታል የጀርባ አጥንታቸው የተጎዳ ሰዎች የሚታከሙበት ሲሆን፣ ክፍሉን ያቋቋሙት ሉድቪግ ጉትማን የተባሉ ከናዚ ጀርመን የተሰደዱ ሐኪም ናቸው። አበበ በዚያ ስምንት ወር ያህል ቆየ። ሲሄድ እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ ተቸግሮ ነበረ፤ ሲመለስ እጆቹ ሠርተውለታል፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ሆኖም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ ወደ ኖርዌይም ሄዶ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር ገባ። በጥቅምት ወር 1966 ዓ. ም. ዐረፈ።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስነግር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ታዲያ ካልዳነ ለምን ሄደ?» ይላሉ። የሕፃን ጥያቄ ነው አልልም፤ በየቤቱ የሚጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነውና። ስቶክ ማንደቪል ለአበበ እግሩን አልመለሰለትም፤ ነገር ግን ያለ እግር እንዴት እንደሚኖር አስተማረው። ከውጭ ሕክምና ምን እንደሚጠበቅና ምን እንደማይጠበቅ ሳያውቁ ንብረትን መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የምነግራችሁም ስለዚሁ ነው።

ልጂቱ የዐሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዬ ነበረች። ክፍሏ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ እየቆመች ትንፋሿን ስትሰበስብ አያት ነበር። በመጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ስለ መዘግየቷ ገሥጫታለሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። አባቷ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ሌሎቹ ገዳማት ተሳላሚና ጎብኚ የሚያመላልሱበት አንዲት የሞተር ጀልባ ነበረቻቸው። አምስት ነፍስ የሚኖረው በዚያች ጀልባ ነው። በ2016 ዓ. ም. በግንቦት ወር አንድ ምሽት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት በብብታቸው ይዘው ወደ ቤቴ መጡና «የኔታ፣ ይህን ያንብቡልኝ፤ ልጄ ትድናለች ይላል ወይስ አትድንም?» አሉኝ።

ወረቀቱ መዳንና አለመዳንን አይናገርም፤ ዋጋ ነበረ የሚናገረው። ነገር ግን ከዋጋው በፊት ስለ በሽታው ጥቂት ልበል፤ በገጠሩም በከተማውም ብዙ ቤት ያንኳኳ በሽታ ነውና።

ልጂቱን ያመማት ሐኪሞች የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ሕፃን ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ሲያተኩሰው፣ አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም ስትሬፕቶኮከስ ከተባለ ተሐዋሲ የሚመጣ ነው። በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ የልጁ አካል ተሐዋሲውን ለመዋጋት ያስነሣው ኀይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውንና የገዛ ልቡን ይወጋል። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፤ እናትም «ብርድ መትቶት ነው» ብላ በቅቤ ታሸዋለች፤ እብጠቱም ይጠፋል። ልቡ ውስጥ የተጀመረው ግን አይጠፋም። የጉሮሮ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር፣ ደምን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፉት የልብ መዝጊያዎች፣ ቫልቭ የሚባሉት፣ እየጠነከሩና እየተጣበቁ ወይም እየላሉ ይሄዳሉ። ከዓመታት በኋላ ልጁ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። በእኛ አካባቢ ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም እንጥሉን በምላጭ ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። እኔም ተቆርጫለሁ። እንጥል መቁረጥ ተሐዋሲውን አይገድለውም፤ ደም በማፍሰስና ቁስል በማመርቀዝ ግን ልጅ ይገድላል። ሕመሙ በጤና ጣቢያ ተመርምሮ በፔኒሲሊን ሊድን የሚችል ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ጀልባ ወደሚያሸጥ በሽታ መድረሱ ያሳዝናል። ልቡ አንዴ የተነካ ልጅ ደግሞ ሕመሙ እንዳይመለስበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ ለብዙ ዓመታት መወጋት አለበት። የዓለም ጤና ጉባኤም እ. ኤ. አ. በ2018 ይህን በሽታ መንግሥታት ሁሉ እንዲከላከሉት ውሳኔ አሳልፏል።

የልጂቱ በሽታ በባሕር ዳር በልብ አልትራሳውንድ ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበረ። በግራ በኩል ያለው ሚትራል የተባለው ቫልቭ በጣም ተበላሽቷል። ሐኪሞቹ መድኃኒት እየሰጧት፣ ኦፐራሲዮን እንደሚያስፈልጋት ነግረው ወደ አዲስ አበባ ጻፉላት። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማእከል ትልቅ ታሪክ ያለው ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የተባሉት የሕፃናት የልብ ሐኪም እ. ኤ. አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበርን አቋቁመው፣ ሕፃናቱን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች እየላኩ ሲያሳክሙ ቆይተው፣ በ2001 ዓ. ም. ማእከሉ በአገር ውስጥ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ተራ የሚጠብቁት ሕሙማን በሺሕ የሚቆጠሩ ናቸው። ልጂቱም ከእነርሱ አንዷ ሆና ተመዘገበች። አባቷ በየጊዜው ስልክ ይደውሉ ነበር፤ መልሱም ሁልጊዜ «ተራችሁ ሲደርስ እንጠራችኋለን» የሚል ነበረ። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ተራው ግን አልደረሰም።

በበጎ አድራጎት ወደ ውጭ የሚላኩ ልጆችም አሉ። በእስራኤል በሖሎን ከተማ በዎልፍሰን ሆስፒታል የሚሠራ፣ እ. ኤ. አ. በ1995 የተመሠረተ፣ የሕፃናትን ልብ በነፃ የሚያክም ድርጅት ከሌሎች አገሮች ልጆች ጋር ኢትዮጵያውያንንም ተቀብሏል። ጀርባቸው ለጎበጠ ልጆች ደግሞ በአገራችን ለረጅም ዘመን የኖሩት አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ እ. ኤ. አ. ከ2006 ጀምሮ ብዙዎችን ወደ ጋና፣ አክራ ልከው ኦፐራሲዮን አስደርገዋል። ከእነዚህ ልጆች የብዙዎቹ ጀርባ የጎበጠው የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪያቸውን በልቶት ነው። «ውጭ አገር» ሲባል አውሮፓና አሜሪካ ብቻ ለሚመስለው ሰው፣ አክራም ውጭ አገር መሆኗን ማወቅ ጥሩ ነው። ነገር ግን በበጎ አድራጎት ለመሄድ ምርጫው የሐኪሞቹ እንጂ የወላጅ አይደለም፤ ልጂቱም አልተመረጠችም።

ስለዚህ አባቷ ደላላ አገኙ። ሰውየው በስልክ ብቻ የሚታወቅ፣ ሕሙማንን ከሕንድ ሆስፒታሎች ጋር አገናኛለሁ የሚል ነበረ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ እንዲህ ያሉ አገናኞች ብዙውን ጊዜ ክፍያቸውን ከሆስፒታሉ የሚቀበሉ መሆናቸው ነው። ይህ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን ተቀበለ። ከአባትየው «የፋይል መክፈቻ» ብሎ የወሰደው ገንዘብ ምን እንደ ሆነ እስካሁን አልታወቀም። ሆስፒታሎቹ ግን ራሳቸው ለውጭ ሕሙማን የተለየ ክፍል አላቸው፤ የምርመራውን ውጤት በቀጥታ ለልኮላቸው ሰው የዋጋ ግምትና የቪዛ ደብዳቤ በነፃ ይጽፋሉ። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ያን ምሽት ያነበብሁት ወረቀት የዋጋ ግምት ነበረ፤ 7,000 ዶላር ይላል። ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ ሌላ መሥመር አለ። ዋጋው በሆስፒታል የሚቆዩበትን ዐሥር ቀን ብቻ እንደሚሸፍን፣ የቫልቩ ዋጋ ለብቻው እንደሚታሰብ፣ ከዐሥር ቀን በላይ ለሚቆዩበት ለእያንዳንዱ ቀን ተጨማሪ እንደሚከፈል ይናገራል። አባቷ መሥመሩን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። «ደላላው ይህን አልነገረኝም፤ ሁሉን ጨርሷል ነው ያለኝ» አሉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጅህ የገባ እንደ ሆነ፣ ከላይ በትልቁ የተጻፈውን ትተህ ከታች በደቃቁ የተጻፈውን አስቀድመህ አስነብብ።

ከዚያ የወረቀቱ ጉዞ ተጀመረ። ሕመምተኛ ወደ ውጭ ሄዶ የሚታከምበትን የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለማግኘት፣ ሕክምናው በአገር ውስጥ እንደማይገኝ የሐኪሞች ቦርድ ፈርሞ ማረጋገጥ አለበት፤ ያም በጤና ባለ ሥልጣኖች ዘንድ ይጸድቃል። ፓስፖርት አለ። የሕንድ የሕክምና ቪዛ ከሆስፒታሉ በተጻፈ ደብዳቤ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከሕመምተኛው ጋር እስከ ሁለት አስታማሚ ይፈቀዳል። በክልላችን ከ2015 ዓ. ም. ማለቂያ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ስለ ነበረ፣ ለእያንዳንዱ ፊርማ በአውሮፕላን መመላለስ ግድ ሆነ።

ወረቀቱ ተሟልቶ ሳያልቅ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ደረሰ። በዚያ ቀን የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መንግሥት ዐወጀ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዐዋጁ ለአገር ኢኮኖሚ ይበጅ ይሆናል፤ ያን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ያደረገውን ግን አይቻለሁ። ቫልቩን ሳይጨምር 400,000 ብር ያህል የነበረው ዋጋ፣ ልጂቱ ምንም ሳትለወጥ፣ በሽታውም ምንም ሳይለወጥ፣ ከ800,000 ብር በላይ ሆነ። ቀድሞ ዕቁቡ፣ ዕድሩና የጽዋው ማኅበርተኛ ባዋጡት ላይ ጥቂት ብድር ቢጨመር ይበቃ ነበር። አሁን ግን ጀልባይቱ ተሸጠች። ጎብኚ ከባሕር ዳር በራቀበት፣ ተሳላሚውም ባነሰበት ዘመን የተሸጠች ጀልባ ስንት እንደምታወጣ መገመት አያስቸግርም። ልጂቱ ጀልባይቱ መሸጧን ያወቀችው ከሌላ ሰው ነው፤ ወላጆቿ ሊነግሯት አልደፈሩም።

በኅዳር ወር 2017 ዓ. ም. እናትና ልጅ በደቡብ ሕንድ ወደምትገኘው ወደ ቼናይ ተጓዙ። አባትየው ለሁለተኛ አስታማሚ የሚሆን የአውሮፕላን ዋጋ ስላልነበራቸው ቀሩ። እናቲቱ ከባሕር ዳር ውጭ ያዩት አዲስ አበባን ብቻ ነው። ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ በሻንጣ ይዘው፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ምግብ ማብሰያ ያለው አንዲት ክፍል ተከራዩ። ከክፍሉ አጠገብ ከሱዳን፣ ከባንግላዴሽና ከናይጄሪያ የመጡ አስታማሚዎች ነበሩ። በቋንቋ ባይግባቡም ምጣዱን በተራ ይጠቀሙ እንደ ነበር፣ የማንም ልጅ ወደ ኦፐራሲዮን ክፍል በገባ ቀን ሌሎቹ ምግብ ሠርተው ይጠብቁ እንደ ነበር እናቲቱ ነግረውኛል። ከሕክምናው ሁሉ ይልቅ ይህን ሲናገሩ ነው ዐይናቸው እንባ የሚያቀርረው።

ሁሉ በደኅና ሄዶ ሳለ፣ ከኦፐራሲዮኑ በፊት በነበረው ቀን ሐኪሙ አንድ ጥያቄ አመጣ። የልጂቱን ቫልቭ ለመጠገን እንደሚሞክሩ፣ ነገር ግን ሊጠገን ካልቻለ መለወጥ እንዳለበት፣ ሲለወጥ ደግሞ ከሁለት ዓይነት አንዱን ቤተ ሰቡ እንዲመርጥ አስታወቀ። አንደኛው ከብረትና ከመሰል ነገር የሚሠራ ነው። ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት ልጂቱ ዋርፋሪን የተባለውን ኪኒን ዕድሜዋን ሙሉ መዋጥ አለባት። ይህም ኪኒን ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ከእንስሳ አካል የሚሠራ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ዋርፋሪንን ዕድሜ ልኩን ላይፈልግ ይችላል፤ ነገር ግን በወጣት አካል ውስጥ ቶሎ ስለሚያረጅ፣ ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ኦፐራሲዮን ያስፈልጋል።

ይህን የሚያስተረጉመው በስልክ ያለ ኢትዮጵያዊ ነበረ። ሰውየው ቸኩሎ «ወይ የብረት፣ ወይ የዐሣማ» ብሎ ተረጐመው። እናቲቱም ደነገጡ። ከላምም እንደሚሠራ ያስረዳቸው አልነበረም። በዚያው ሌሊት ወደ ባሕር ዳር ደውለው የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። ካህኑም «ለመብል አይደለም፤ ለሕይወት ነው፤ በዚህ አትጨነቂ፤ የሚበጃትን ሐኪሙን ጠይቂ» አሏቸው። እኔ ብዙ መጻሕፍት የተማሩ ሊቃውንት ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ መልስ ግን ለዚያች ሌሊት አላውቅም።

ቀጥሎ ለባላቸው ደወሉ። አባትየውም «እርሷ ትስማ፤ ልቡ የእርሷ ነው» አሉ። በዚህም ጊዜ ነው ልጂቱ ሁለቱንም ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማችው። ልጅ መውለድን ጭምር የሚነካ ውሳኔ ለዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በአንድ ሌሊት፣ በሰው አገር፣ በስልክ ትርጉም ሲቀርብላት ከባድ ነው። ይህ ጥያቄ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በራሷ ቋንቋ፣ ከወራት በፊት ሊነገራት ይችል ነበር፤ ቫልቩ እንደሚለወጥ አስቀድሞ የታሰበ ነገር ነውና። በሦስት ፊርማና በአራት ማኅተም ስንደክም፣ ዋናውን ነገር ከመካከላችን ማንም አልጠየቀም። እኔም ደብዳቤ አንባቢው አልጠየቅሁም።

ልጂቱ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ብረቱ ይሁን» አለች። እናቷ ለምን ብለው ቢጠይቋት፣ «ለሁለተኛው ኦፐራሲዮን የምንሸጠው ሌላ ጀልባ የለንም» አለቻቸው።

ቫልቩ ሊጠገን ስላልቻለ ተለወጠ። በሆስፒታል የቆዩት ዐሥር ሳይሆን ዐሥራ አራት ቀን ነበረ፤ የተጨመሩትን ቀኖች ዋጋ በአሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመድ ከፈለው። ወደ ቤታቸው የተመለሱት ከገና በፊት ነው።

ብዙ ሰው ሕክምናው በመመለሻው ቀን ያለቀ ይመስለዋል፤ እኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ዋርፋሪን የሚውጥ ሰው ደሙ በምን ያህል ጊዜ እንደሚረጋ በየጊዜው መመርመር አለበት። የጤነኛ ሰው ቁጥር 1 ያህል ሲሆን፣ በሚትራል ቦታ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚያ ቢያንስ ደሙ በቫልቩ ላይ ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ቢበዛ ያለ ምክንያት ይደማል። ምርመራው በባሕር ዳር ይገኛል። ሆኖም አንድ ጊዜ ልጂቱ በሄደችበት ቦታ የመመርመሪያው ኬሚካል አልቆ ነበርና፣ አባቷ ከተማውን ዞረው በሌላ ቦታ እስኪያገኙ ድረስ ሦስት ቀን አልፏል። ወደ ውጭ አገር ከመሄዳችሁ በፊት «ስንመለስ የት ነው የምንመረመረው? መድኃኒቱ ሲያልቅ ከየት እናገኛለን?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሕንድ የሰጧት ወረቀት ስለ ጎመን ይናገራል። ጎመንና ሌላው አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ የተባለውን ስለያዘ የኪኒኑን ሥራ ያዳክማል። ሐኪሞች «አትብሉ» አይሉም፤ «ዛሬ ብዙ፣ ነገ ምንም አታድርጉ፤ መጠኑ አንድ ዓይነት ይሁን» ነው የሚሉት። የቼናይ ሐኪም ግን ዐቢይ ጾምን ከየት ያውቀዋል? በ2017 ዓ. ም. ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት የልጂቱ ቁጥር ወረደ። ሐኪሙ ኪኒኗን ዘልላ እንደ ሆነ ጠየቃት፤ አልዘለለችም። በቤታቸው በጾም ምሳም ራትም ጎመን መሆኑን እናቲቱ ሲናገሩ ነገሩ ተገለጠ። ሐኪሙም መጠኑን አስተካከለላት። ሕመምተኛ ከጾም ሕግ ነፃ እንደሚደረግ ፍትሐ ነገሥትም የሚያስተምር ነውና፣ የንስሐ አባቷ አስቀድመው ነፃ አድርገዋት ነበር፤ እርሷ ግን ከቤተ ሰቡ ተለይታ መብላትን ስላልወደደች የጾሙን ምግብ በልክ ትበላለች። እንዲህ ያለ ኪኒን የሚውጥ ሰው በቤቱ ካለ፣ ጾም ከመግባቱና ከመፈታቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ያለ ሐኪም ፈቃድ የሥር መድኃኒትም ሆነ አስፕሪን አይጨምርበት፤ ጥርስ ለማስነቀል ሲሄድም የልብ ቫልቭ እንዳለው አስቀድሞ ያስታውቅ።

ስለ ኩላሊት ጥቂት ልጨምር፤ በዚህም ጉዳይ ወረቀት ይዘው የመጡ ሁለት ቤተ ሰቦች ነበሩ። አንዳንድ ደላላ «ገንዘብ ካላችሁ ኩላሊት ከዚያ ይገዛል» ይላል። ይህ ሐሰትም ወንጀልም ነው። ሕንድ እ. ኤ. አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ የሰውን አካል መሸጥና መግዛት የተከለከለ ነው፤ የውጭ አገር ሰው ኩላሊት የሚቀበለው ከዘመዱ ሲሆን፣ ዝምድናውን ኤምባሲው መስክሮ ኮሚቴ መርምሮ መፍቀድ አለበት። በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ. ም. ተጀምሯል። ሰጪ ዘመድ ያለው ሰው ትኬት ከመቍረጡ በፊት በዚያ ይጠይቅ። በሕክምና ነገር ትናንት በአገር ውስጥ ያልነበረው ዛሬ ሊኖር ይችላል። በፌስቱላ የሚሠቃዩ የጎጃም ሴቶች አዲስ አበባ ድረስ ይጓዙ ነበር፤ ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ ግን ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ያቋቋሙት ድርጅት እዚሁ ባሕር ዳር ያክማቸዋል።

የልጂቱ አባት አሁን በሌላ ሰው ጀልባ ተቀጥረው ይሠራሉ። የቀድሞዋ ጀልባቸው በሌላ ቀለም ተቀብታ ከወደቡ ስትወጣ አብረን ያየናት ቀን ነበረ። «ሞተሯ ጥሩ ነው፤ ገና ብዙ ትሠራለች» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ልጂቱ የደም ምርመራዋን ቁጥር የምትጽፍበት ትንሽ ደብተር አላት፤ ቀኑን በአንድ ወገን፣ ቁጥሩን በሌላ ወገን እያሰመረች ትጽፋለች። ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ክፍሏም ያው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ከደረጃው ሥር አግኝታኝ ደብተሩን አሳየችኝና «የኔታ፣ 2.8 ነው» ብላኝ ወጣች።